የከተማችሁ የሽያጭ ታክስ በጀቱን እየሞላ ነው? ራሳችሁ የምታዩበት መንገድ

ቴክሳስ ውስጥ ጋርላንድና ዳላስ አካባቢ ለምግብ ቤቶችና ለትንንሽ ሱቆች ሒሳብ እይዛለሁ። ደንበኞቼ በየወሩ 20 ሲደርስ የሽያጭ ታክሳቸውን ይልካሉ፤ ልከው ሲጨርሱም አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ከተማው የሽያጭ ታክስ ገቢዬ ካምናው በለጠ ይላል። መልሶ ደግሞ በጀት ጎደለኝ ይላል። የቱን እንመን?»

ሁለቱንም። ካምናው መብለጥና በጀትን መሙላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱን ለማየት የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ በነፃ ይገኛል፤ ስሌቱም ከመደመርና ከማካፈል አያልፍም። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መመሪያው የቴክሳስ ከተሞችን ይመለከታል። ሌላ ስቴት ያላችሁ ስሌቱን መውሰድ ትችላላችሁ፤ ቀኖቹና የሪፖርቶቹ ዓይነት ግን ይለያሉ።

የሚያስፈልጓችሁ

- ከተማው ያጸደቀው የዓመቱ በጀት። ከከተማው ድረ ገጽ ይወርዳል።
- የቴክሳስ ኮምፕትሮለር (የስቴቱን ታክስ የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት) ለከተማው በየወሩ ያከፋፈለው ገንዘብ፣ ቢያንስ የ3 ዓመት። የ5 ዓመት ከሆነ ይሻላል።
- የኮምፕትሮለሩ የክፍያ ዝርዝር ሪፖርት፣ ለእያንዳንዱ ወር።
- ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት።
- ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ። ከዚያ በኋላ በወር ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ገንዘቡ በየት በኩል ነው የሚመጣው?

ዳላስ ወይም ጋርላንድ ውስጥ የ100 ዶላር ጫማ ስትገዙ 8 ዶላር ከ25 ሳንቲም ታክስ ትከፍላላችሁ። 6 ዶላር ከ25ቱ የስቴቱ ነው። 1 ዶላር ለዳርት፣ ማለትም ለአውቶቡሱና ለባቡሩ ይሄዳል። ለከተማው የምትቀረው 1 ዶላር ብቻ ናት።

እሷም ቢሆን በቀጥታ አትደርሰውም። ሱቁ በኦክቶበር የሰበሰበውን ታክስ እስከ ኖቬምበር 20 ለኮምፕትሮለሩ ይልካል። ኮምፕትሮለሩ 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይቀንስና የከተማውን ድርሻ በዲሴምበር ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ በዲሴምበር የገባው ገንዘብ የኦክቶበር ገበያ ነው። ይህችን የሁለት ወር ርቀት ያዙልኝ። የምናየው ስህተት ግማሹ የሚመጣው ከሷ ነው።

1. ከበጀቱ ትክክለኛዋን ቁጥር አውጡ

የበጀት ሰነዱን ክፈቱና የጄኔራል ፈንድ፣ ማለትም የከተማው የዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚከፈልበት ዋና ካዝና፣ ገቢዎችን ሠንጠረዥ ፈልጉ። የሽያጭ ታክስ አብዛኛውን ጊዜ ከንብረት ታክስ ቀጥሎ ይገኛል። ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ የዘንድሮው በጀትና የአምናው የተጣራ ገቢ።

ይህ እርምጃ ለምን ያስፈልጋል? ኮምፕትሮለሩ ለከተማው የሚሰጠው ገንዘብና ጄኔራል ፈንድ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የዳርት አባል በሆኑ ከተሞች ነገሩ ቀላል ነው፤ የከተማው 1 በመቶ ብቻውን ይመጣል። አባል ያልሆኑ ከተሞች ግን ለልማት ወይም ለመንገድ ጥገና ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት ተጨማሪ ታክስ ሊኖራቸው ይችላል፤ እሱም በአንድ ላይ ይመጣል። ለምሳሌ የከተማው መጠን 1.5 በመቶ ሆኖ 0.5ቱ ለልማት ድርጅቱ ከሆነ፣ ጄኔራል ፈንድ የሚያገኘው ከመጣው ገንዘብ ሁለት ሦስተኛውን ነው። ይህን ሳታዩ ካነጻጸራችሁ ከተማው በገንዘብ የተንበሸበሸ ይመስላችኋል።

በዓመቱ መሃል በጀቱ ከተሻሻለ የመጀመሪያውን ቁጥር አትሰርዙት። ሁለቱንም ጎን ለጎን ያዙ። በጀቱን ዝቅ አድርጎ «ሞላን» ማለት የተለመደ ነው።

2. የክፍፍሉን ታሪክ አውርዱና የሽያጩን ወር ጻፉበት

ከኮምፕትሮለሩ ድረ ገጽ የከተማችሁን ወርኃዊ ክፍፍል አውርዱ። ሺቱ ላይ ሦስት ዓምድ አድርጉ፦ ገንዘቡ የገባበት ወር፣ ሽያጩ የተካሄደበት ወር (ሁለት ወር ወደ ኋላ) እና መጠኑ። ዲሴምበር ከገባ፣ ሽያጩ ኦክቶበር። ፌብሩዋሪ ከገባ፣ ሽያጩ ዲሴምበር።

ከ2020 እና ከ2021 ዓ.ም. ተጠንቀቁ (በፈረንጆቹ)። በወረርሽኙ ጊዜ ገበያው ተዘግቶ ስለነበር፣ በፌብሩዋሪ 2021 ደግሞ ያ ትልቅ የበረዶ አደጋ ስለመጣ፣ የወራቱ ቅርፅ የተዛባ ነው። እኔ ሁለቱንም ዓመት ከአማካዩ አወጣቸዋለሁ።

3. ከተማው ዓመቱን እንዴት እንደሚቆጥር አረጋግጡ

የዳላስም የጋርላንድም የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። እንቁጣጣሽን አክብረን ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ማለት ነው። ሂዩስተን ግን ጁላይ 1 ስለሚጀምር የራሳችሁን ከተማ ዕዩ።

ቀጥሎ የምትመጣው ጥያቄ ናት ብዙ ሰው የሚዘላት። ከተማው የሚቆጥረው ሽያጩ በተካሄደበት ወር ነው ወይስ ገንዘቡ በገባበት ወር? በመጀመሪያው መንገድ ዓመቱ ከዲሴምበር እስከ ቀጣዩ ኖቬምበር የገባው ገንዘብ ነው። በሁለተኛው መንገድ ከኦክቶበር እስከ ሴፕቴምበር የገባው ነው።

ማንንም ሳትጠይቁ ማወቅ ትችላላችሁ። ያለቀ አንድ ዓመት ውሰዱ። አሥራ ሁለቱን ክፍፍል በሁለቱም መንገድ ደምሩ። ከዚያ በደረጃ 1 ካወጣችሁት የተጣራ ገቢ ጋር አስተያዩ። አንደኛው ልክ ይገጥማል ወይም በጣም ይቀርባል። ሁለቱም በሩቁ ከቀሩ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ፤ የቀላቀላችሁት ታክስ አለ ማለት ነው።

ከዚህ በታች ያለው ምሳሌ ከተማው በሽያጭ ወር ይቆጥራል ብሎ ይነሳል።

4. የእያንዳንዱን ወር ድርሻ አስሉ

እዚህ ቀስ በሉ፤ የሥራው ልብ እዚህ ነው።

በጀቱን ለ12 አታካፍሉ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። በአንድ የከተማ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ገቢው ከበጀቱ በላይ ነው፣ ለምን ትቀንሳላችሁ?» አልኩ። የፋይናንስ ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ «ዲሴምበርን ያሰሉት እንደ ጃንዋሪ ነው» አለችኝ። ዝም አልኩ፤ ልክ ነበረች።

ወራቱ እኩል የማይሆኑት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ገበያው ራሱ ነው፤ በዲሴምበር ሰው የገናን ስጦታ ይገዛል፣ በጃንዋሪ ቦርሳው ባዶ ነው። ሁለተኛው የወረቀት ሥራው ነው። ትልልቆቹ ሻጮች በየወሩ ያስታውቃሉ። ትንንሾቹ በየሦስት ወሩ፣ በጣም ትንንሾቹ ደግሞ በዓመት አንዴ። የሦስት ወሮቹ ገንዘብ ባንድ ጊዜ ዝርግፍ የሚለው በፌብሩዋሪ፣ በሜይ፣ በኦገስትና በኖቬምበር ክፍፍል ነው። የዓመቶቹም ፌብሩዋሪ ላይ ይጨመራል። ፌብሩዋሪ ከሁሉ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ያለቀ ዓመት የወሩን ገንዘብ ለዓመቱ ጠቅላላ አካፍሉ። ከዚያ የሦስቱን ወይም የአምስቱን ዓመት ድርሻ አማካይ ውሰዱ። አሥራ ሁለቱ ድርሻዎች ሲደመሩ 100 በመቶ ካልሞሉ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

5. በጀቱን በድርሻው አከፋፍሉና ከገባው ጋር አነጻጽሩ

ለማስተማሪያ የፈጠርኩት ከተማ ይኸው። የዓመቱ በጀት 36,000,000 ዶላር ነው። የአምናው ገቢ 35,000,000 ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት የሽያጭ ወራት ድርሻ ይህን ይመስላል።

| የሽያጭ ወር | ገንዘቡ የሚገባው | ድርሻ (በመቶ) | የወሩ በጀት (ዶላር) |
|---|---|---|---|
| ኦክቶበር | ዲሴምበር | 8.0 | 2,880,000 |
| ኖቬምበር | ጃንዋሪ | 8.2 | 2,952,000 |
| ዲሴምበር | ፌብሩዋሪ | 10.5 | 3,780,000 |
| ጃንዋሪ | ማርች | 7.4 | 2,664,000 |
| ድምር | | 34.1 | 12,276,000 |

በአራቱ ወር የገባው 12,090,000 ዶላር ነው እንበል። ለ12 ያካፈለ ሰው 12,000,000 ስለሚጠብቅ «90,000 ተርፎናል» ይላል። በድርሻው ያሰላ ሰው ግን 186,000 ዶላር ጉድለት ያያል፤ 1.5 በመቶ ገደማ። ገንዘቡ ያው ነው፤ መደምደሚያው ተቃራኒ።

ሁልጊዜ ድምሩን ተመልከቱ። አንዱን ወር ለብቻው ይዛችሁ አትደንግጡ፣ አትደሰቱም። አንድ ትልቅ ሻጭ ሁለት ቀን ዘግይቶ ከላከ ገንዘቡ ወደ ሚቀጥለው ወር ይሸጋገራል። እኔ ድምሩ ለሦስት ተከታታይ ወራት ከ2 በመቶ በላይ ሲጎድል ነው «ይሄ ነገር እውነት ነው» የምለው።

6. የክፍያ ዝርዝሩን ክፈቱና የአንድ ጊዜ ገንዘብን ለዩ

የኮምፕትሮለሩ ዝርዝር ሪፖርት የወሩን ክፍያ በየምድቡ ይከፋፍለዋል። የወቅቱ ሽያጭ፣ ካለፉ ወራት ዘግይቶ የመጣ፣ ለወደፊት ቀድሞ የተከፈለ፣ በኦዲት የተገኘ፣ ከዚያም የአገልግሎት ክፍያው። ለተመላሽ መጠባበቂያ የሚያዝ ገንዘብም አለ፤ የዚህ ወር ይያዛል፣ ቀደም ሲል የተያዘው ይመለሳል።

የገበያውን ጤንነት የሚነግራችሁ የወቅቱ ሽያጭ መስመር ነው። በኦዲት የተገኘ ገንዘብ ኪስ ይገባል እንጂ በሚቀጥለው ወር አይደገምም። የተገላቢጦሹም አለ፤ አንድ ትልቅ ድርጅት ያለአግባብ ከፍዬ ነበር ብሎ ተመላሽ ሲወስድ የከተማው ክፍያ ድንገት ይወርዳል። ያኔ ሱቆቹ አልከሰሩም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በዲሴምበር ሽያጭ ውስጥ 240,000 ዶላር የኦዲት ገንዘብ ነበር እንበል። ለብቻው ዓምድ ስጡትና ከመደበኛው አውጡት። መደበኛው 11,850,000 ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ የትኛው ሱቅ ስንት እንደከፈለ በሕግ ምስጢር ነው። ከተማው ቢያውቅም ሊነግራችሁ አይችልም። ስለዚህ «እገሌ ሱቅ ነው ያጎደለው» እያላችሁ አትገምቱ፣ በተለይ በአደባባይ።

7. የዓመቱን መጨረሻ ገምቱ

እስካሁን የገባውን መደበኛ ገንዘብ እስካሁን ለነበረው ድርሻ አካፍሉ። ከዚያ የአንድ ጊዜውን መልሳችሁ ደምሩ።

የኦዲቱን ገንዘብ ሳንለይ፦ 12,090,000 ሲካፈል ለ0.341፣ 35,455,000 ገደማ። ጉድለቱ 545,000።

ለይተን፦ 11,850,000 ሲካፈል ለ0.341፣ 34,751,000 ገደማ። 240,000ውን ስንመልስ 34,991,000። ጉድለቱ 1,009,000።

አያችሁ? የአንድ ጊዜውን ገንዘብ መለየት ጉድለቱን እጥፍ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም። ሳትለዩ ስታካፍሉ ያ ገንዘብ በቀሩት ወራትም የሚደገም አድርጋችሁ ነው የምትገምቱት።

ከአራት ወር በፊት ይህን ግምት ለማንም አትንገሩ። ከዲሴምበር ሽያጭ በፊት ድርሻው ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ገንዘብ ከፍ ዝቅ ስትል ግምቱ በሚሊዮን ይዘላል።

8. «ከዚህ በኋላ ስንት ማደግ አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ

ስብሰባ ላይ በጣም የሚጠቅማችሁ ይህ ቁጥር ነው። ማንም ያለ ኤክሴል ይረዳዋል።

አምና በእነዚሁ አራት ወራት የገባው 11,935,000 ነበር እንበል። ዘንድሮ 12,090,000። ዕድገቱ 1.3 በመቶ ነው፤ «ካምናው በለጠ» የሚለው ዜና እውነት ነው። አሁን ቀሪውን እንይ። በጀቱን ለመሙላት በቀሩት ስምንት ወራት 23,910,000 መግባት አለበት። አምና በስምንቱ ወር የገባው 23,065,000 ነበር። ስለዚህ ቀሪው ዓመት በ3.7 በመቶ ማደግ አለበት። እስካሁን በ1.3 ያደገ ገበያ ከአሁን በኋላ በ3.7 ያድጋል የሚል ሰው ምክንያቱን ያስረዳ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ሁለት ተከታታይ ወራትን ማነጻጸር። ጃንዋሪ ከዲሴምበር ሁልጊዜ ያንሳል። ወርን ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ብቻ አነጻጽሩ።

የ29 ቀን ፌብሩዋሪን መርሳት። 2024 ላይ አንድ ቀን ተጨምሮ ነበር። በ2025 ገበያው ባለበት ቢቆም እንኳ ፌብሩዋሪ ወደ 3.4 በመቶ የወረደ ይመስላል።

የምግብ ዋጋ ስለተወደደ ታክሱም ጨምሯል ብሎ ማሰብ። ቴክሳስ ውስጥ ከግሮሰሪ የሚገዛ ያልበሰለ ምግብ የሽያጭ ታክስ የለበትም። በርበሬውና የጤፍ ዱቄቱ ቢወደዱ ከተማው አንድ ሳንቲም አያገኝም። ምግብ ቤት የበላችሁት ክትፎ ግን ታክስ አለበት። እንዲያውም ግሮሰሪ ሲወደድ ሰው ውጭ መብላት ስለሚቀንስ ታክሱ ሊወርድ ይችላል።

የኦገስትን የታክስ ነፃ ቀናት መዘንጋት። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ከዓርብ እስከ እሁድ ባሉት ሦስት ቀናት ከ100 ዶላር በታች የሆኑ ልብሶችና ጫማዎች ከታክስ ነፃ ይሆናሉ። በየዓመቱ ስላለ ድርሻው ውስጥ ተካቷል፤ ኦክቶበር ላይ የሚገባው ገንዘብ ቀዝቀዝ ቢል ግን አትገረሙ።

የኢንተርኔት ሽያጭን አለመቁጠር። ከኦክቶበር 2019 ጀምሮ ቴክሳስ ከስቴቱ ውጭ ያሉ ትልልቅ የኦንላይን ሻጮችንም ታክስ ያስከፍላል። ስለዚህ የገበያ አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ብቻ የከተማው ገቢ ወርዷል ማለት አይቻልም።

ለባለሀብት የሚመለሰውን ታክስ አለማየት። አንዳንድ ከተማ የገበያ ማዕከል ለሚሠራ ድርጅት ከሽያጭ ታክሱ የተወሰነውን ለዓመታት ለመመለስ ይዋዋላል። ይህ በበጀቱ ወጪ ላይ ተጽፎ ይሆናል፣ ወይም ገቢው ከመጻፉ በፊት ተቀንሶ ይሆናል። በደረጃ 3 ድምሩ አልገጥም ካላችሁ አንዱ ተጠርጣሪ ይሄ ነው።

ያልገባችሁን ለመጠየቅ

የምትፈልጉት ሰነድ ድረ ገጹ ላይ ከሌለ በቴክሳስ የሕዝብ መረጃ ሕግ መሠረት ለከተማው ጸሐፊ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ኢሜይል ይበቃል። ሰነዱን በስሙ ጥሩት፦ «የጄኔራል ፈንድ የሽያጭ ታክስ ገቢ በየወሩ፣ ለሦስት የበጀት ዓመታት»። «ስለ ታክስ ያላችሁን ሁሉ» ካላችሁ መልሱ ይዘገያል፣ ምናልባትም ክፍያ ትጠየቃላችሁ።

ካውንስል ፊት ለመናገር የሚሰጣችሁ ደቂቃ ጥቂት ስለሆነ ሠንጠረዡን አታንብቡላቸው። አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ ግቡ፦ «እስከ ጃንዋሪ ሽያጭ የኦዲቱን ገንዘብ ጨምሮ ዕድገቱ 1.3 በመቶ ነው፤ በጀቱ በቀሪው ዓመት 3.7 ይጠብቃል። ልዩነቱ ካልመጣ መጀመሪያ የሚቀነሰው የትኛው አገልግሎት ነው?» ጥያቄውንም ከመሄዳችሁ በፊት ለከተማው ፋይናንስ ክፍል በኢሜይል ላኩላቸው። ስሌታችሁ ስህተት ካለው ማይክሮፎን ፊት ከመስማት በኢሜይል መስማት ይሻላል። እኔን ያየ።